በአማት ፊት የማይጠየቅ

ወጣቱ ሐኪም የሴትየዋን ጣቶች ከሥራቸው ሰብስቦ ቀስ አድርጎ ይጨምቃል፤ እሷ ከንፈሯን ትነክሳለች። አንጓዎቿ አብጠዋል፤ ትኩሳታቸው መዳፉ ላይ ይሰማዋል። ጫማዋን አስወልቆ የእግሯንም ጣቶች ያያል። ጠዋት ስትነሺ እጅሽ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል ብሎ ሲጠይቃት የሚመልሱት አማቷ ናቸው፤ እስኪረፍድ ድረስ የበር ቁልፍ እንኳ ማዞር አትችልም ይላሉ። ምላሳቸው ጤፍ ይቆላል። ደግሞም የሚነግሩት ለእሱ አይደለም፣ መስኮቱ ሥር ለተቀመጡት ለአስተማሪው ነው። ለልጅ እግር ሐኪም ማን ይመልሳል?

አስተማሪው ከከተማ እየተመላለሱ የገጠር ሐኪሞችን ይህን መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ቁርጥማት ማከም ሲያስተምሩ ከርመው፣ ዛሬ የወጣቱ ሐኪም ፈተና ነው፤ አይናገሩም፣ አይጠቁሙም። ካለፈ ከነገ ጀምሮ መድኃኒቱን ራሱ ያዛል። ከወደቀ በሽተኞቹ እንደ ድሮው ከተማ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲንገላቱ ይውላሉ። ይህን ሲያስበው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል።

እስካሁን ደህና ሄዷል። የደሙ ውጤት በሽታውን አረጋግጧል፤ የሚታዘዘውም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጠው ክኒን ነው። የቀረው አስተማሪው ደጋግመው ያስጠነቀቁት ነገር ነው፦ ይህ ክኒን ፅንስ ይጎዳልና ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ።

"እርግዝና ይኖር ይሆን?" ይላል፣ ወለል ወለሉን እያየ።

የታለና፣ ልጄ፣ ይላሉ አማት። ሁለት ጊዜ ይዛ ሁለቱም ወረዱባት፤ ከዚያ ወዲህ የለም፤ ቢኖርማ እኔ ሳላውቅ የሚሆን ነገር የለም። ምራት ጣቶቿን ታያለች።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ያነሳል። አስተማሪው ሰዓታቸውን ያያሉ። መልሱ ተገኝቷል፤ የተገኘው ግን ከአማት አፍ ነው። ቢጽፍ ይፈራል፣ ባይጽፍም ይፈራል።

"እናቴ፣ የእርስዎስ ደም ግፊት መቼ ነው የተለካው?"

ኧረ እኔን ማን ለክቶኝ ያውቃል ይላሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ነርሷ ማዶ ክፍል አለች፣ ሐኪሙ ነው የላከኝ ይበሏት ይላቸዋል። ምራታቸውን ዞር ብለው እያዩ ይወጣሉ።

በሩ ሲዘጋ ጥያቄውን ይደግመዋል፤ ክኒኑ የሚያመጣውንም ጉዳት አይደብቃትም።

"ሁለት ወር ሆነኝ" ትላለች። "ለባሌም አልነገርኩት። የፊተኞቹ በነገርኩ ማግስት ነው የወረዱት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ ታየዋለች። "ክኒኑን ግን ይስጡኝ፣ ዶክተር። ሆዴ ውስጥ ያለው እንደሆነ እንደ ወንድሞቹ አይቆይም። እጄ ግን እስክሞት አብሮኝ ነው።"

አንጀቱን ትበላዋለች። እሺ ሊላት ምንም አልቀረውም። ወደ አስተማሪው ዞር ይላል፤ እሳቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ። አልሰጥሽም ይላታል። ለፅንሱ የማይከብድ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ የፊተኞቹም ለምን እንደወረዱ እንመረምራለን። ይህኛው እንደሚቆይ ግን ሊምልላት አይችልም፣ አይምልም። ለአማቴ እንዳይነግሩብኝ ብላ ትለምነዋለች፤ አልነግርም ይላታል።

አማት ግፊትዎ ደህና ነው ተብለው፣ ስለ ነርሷ ጠባይ እያወሩ ይመለሳሉ። መድኃኒቱስ ታዘዘላት ወይ? ሐኪሙ የሳምንቱ ክኒን ለጊዜው ስለማይስማማት በሌላ እንደሚጀምሩ ይነግራቸዋል። ከባድ ነገር አታንሳ፣ ቶሎ ቶሎም ትምጣልኝ ይላል።

"ለምን አይስማማትም?"

ሐኪሙ አጎንብሶ ማዘዣው ላይ ይጽፋል። አማት እሱን ያዩታል፤ ከዚያ ምራታቸውን ያያሉ። ምራት አንገቷን ደፍታ ትንፋሿን ይዛለች።

አማት ሌላ አይጠይቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይንበረከካሉ፤ የምራታቸውን ጫማ ያጠልቁላታል፤ ማሰሪያውንም እንዳይጠብቅባት በጣታቸው እየለኩ ያስሩላታል።