አራተኛው ጣውላ

ሙሉሃብት ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሌዘር መቁረጫ አጥፍቶ አራተኛውን ጣውላ አወጣ። ከማለዳ ጀምሮ ሦስቱ ተበላሽተውበታል፤ ከጨረሩ ጎን የሚነፋው አየር ደካማ ስለነበር እንጨቱ እየተቀጣጠለ እሳቱ ፊደሉን ይበላው ነበር። ሲሰለቸው የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ገጠመላትና አየሩ በመርፌ ጫፍ እንዲወጣ አደረገ። አሁን «ይማርሽ» የሚለው ስም ጥላሸት ሳይነካው ጠርቶ ወጣ። ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ይኸው አያ፣ የባለቤትዎ ስም» ብሎ አያ እንዳለው ለሚባሉት ሽማግሌ ሰጣቸው። የሚስታቸው አርባ ነገ ነው፤ ከብልባላ በእግራቸው ነው የመጡት። ሽማግሌው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳበሱና ጣውላውን መለሱለት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከተጣሉት መሀል አንዱን አነሱ። እሳቱ የመጨረሻዋን ፊደል በልቷት «ይማር» ብቻ ቀርቷል።

«እሱማ የተበላሸው ነው፣ አያ! ሽ ተቃጥላለች።»

«አይቻለሁ ልጄ።» በጋቢያቸው ጫፍ ጥላሸቱን ቀስ ብለው ጠረጉ። «ያኛው ለእሷ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ በድያታለሁ፤ ይኸኛው እኔንም ይጨምራል።»