የውሻው ስም

ነዳጅ በሰልፍ በሚቀዳበት በዚያ ዓመት፣ አሮጌው ካምፐር መኪና ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ለገሠ ዳር ይዞ ፓርክ አደረገ፣ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ለሮማነወርቅ ሰጣት። እሷም ውሻውን ይዛ ወረደች። ውሻውን ፓልምስ ሰፈር፣ እሷ ቤት ሊያደርሱት ነበር።

ካምፐሩን ለገሠና ወንድሟ ንዋይ ተማሪ ሳሉ አዋጥተው የገዙት ነው። በየበጋው ሲዞሩበት፣ በየመንገዱ ሲቆምባቸው፣ ለገሠ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ «አለህ?» ይላል፤ ንዋይ መሪው ላይ ሆኖ «አለሁ!» ይልና ያስነሳል። ያኔ ቡችላ የነበረው ውሻ ቃሉን ሲሰማ የተጠራ መስሎት እየሮጠ ስለሚመጣ፣ ስሙ በዚያው «አለሁ» ሆኖ ቀረ። ንዋይ ከተቀበረ ወዲህ ግን ማንም ቢጠራው ጆሮውን እንኳ አያቆምም።

«እስቲ አሁን ጥራው» አለች ሮማነወርቅ።

«አለሁ! ና!»

ውሻው እግሯ ሥር እንደተኛ ቀረ።

«ሶ፣ የንዋይን ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው ማለት ነው» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

ለገሠ ወደ ሞተሩ ዞረ። እስኪበርድ ጠብቆ ውሃ ሞላ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አለህ?» አለ። ወዲያው አፈረ።

«ሶሪ፣ ሮማን። አፌ ለምዶ ነው።»

ሮማነወርቅ ቁልፉን በጡጫዋ ጨብጣ ባዶውን ካምፐር ታያለች።

ውሻው ጆሮውን አቆመ። ጭራውን እየቆላ ሮጠና በተከፈተው በር ዘሎ ገባ።

ቁልፉ እሷ ጡጫ ውስጥ እንዳለ፣ ሞተሩ ተነሳ።