ሁለት አገር በአንድ ቤት

የዓለም ንግድ ዳኞች ከቀሩ ወዲህ፣ ሁለት አገሮች በንግድ ስምምነት ሲጣሉ ከየአገሩ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች እስኪስማሙ ድረስ ድንበር ላይ በአንድ ቤት ይኖራሉ። በቦሎቄው ክርክር ዕጣው ከኢትዮጵያ ለሙላው፣ ከኬንያ ደግሞ አኪኒ ለምትባል መምህርት ወጣ።

የሙላው ሚስት ሰናይት ከሻሸመኔ ሞያሌ ድረስ ልትጠይቀው ስትሄድ በሩ ክፍት ነበር። ባሏ ሰሃን ያጥባል፤ አኪኒ ከጎኑ ቆማ ታደርቃለች። በስዋሂሊ የሆነ ነገር ብትለው ከት ብሎ ሳቀ። ሰናይት ሳታንኳኳ ገባች።

«እኔ ቤት አንድ ብርጭቆ አንስተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ሙላው ደንግጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። «እዚህ ካልተጋገዝን እንዴት እንስማማለን ብለሽ ነው?»

«ይኸው ዓመት ሊሞላችሁ ነው። የገበሬው ቦሎቄ መጋዘን ውስጥ እየነቀዘ ነው። ምኑ ላይ ነው ያልተስማማችሁት?»

ሙላው ወደ ሰሃኑ ተመለሰ። የመለሰችላት አኪኒ ናት፤ አማርኛውን ከእሱ ተምራዋለች።

«እህቴ፣ ከተስማማን ቆየን። እኔ ፈርሜያለሁ። ነገ፣ ነገ የሚለው እሱ ነው።»

ሰናይት ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስታ ለባሏ ሰጠችው።

ፈረመ።

በማግስቱ ኬላው ተከፈተ። ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ሲመለሱ የጭነት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ድንበሩ ይጎርፉ ነበር። ተሳፋሪው ሙላውን አወቀውና አጨበጨበለት፤ አንዲት እናት እጁን ሳሙት። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተንሰቀሰቀ።

«የደስታ ነው» አለቻቸው ሰናይት።