አንድ ደብተር ለሁለት

ደምሌ ቻላቸውን የገደለው እርሻ ድንበር ላይ ነው። አንዴ ተኮሰበት፤ ሲወድቅ ቀርቦ ደገመው። ከዚያ በሬዎቹን ፈትቶ ለቀቀና ወደ በሽሎ በረሃ ወረደ።

እንየውና አስካለ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ቻላቸው ሲሞት የቀረው ጥጋቡ ነው፤ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች ደምሌን ከበረሃ አስገቡት። ክረምቱ ሲወጣ እርቅ እናወርዳለን፣ እስከዚያ ማንም እጁን አያንሣ አሉና እንየውንና ጥጋቡን መስቀል አስጨብጠው አስማሏቸው። አስካለ ጠላ ትቀዳ ነበር። ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ እንየውን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣

"ልጅህን ያዝ" አለው። "ይሄ ልጅ እጁን ካነሣ የደምሌ ወንድሞች ዘርህን ነው የሚያጠፉት።"

እንየው ልጁን ያዘ። ምንሽሩን ግድግዳው ላይ ተወው፤ ጥይቱን ግን ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀበረው። በሩን በጀርባው ዘግቶ መተኛት ጀመረ። ይሁን እንጂ አርብ ገበያ ላይ የደምሌ ያጎት ልጅ፣ "ቻላቸው ወንድም የለውም እንዴ? እህት ነው ያለው?" ሲል ጥጋቡ በዱላ ጥርሱን አራገፈው። ቤት ሲገባም መጥረቢያ አንሥቶ መዳፉ እስኪደማ የጓሮውን ግራር ጨፈጨፈው።

አስካለ እንዲህ አይደለችም። እሷም መጀመሪያ ፊቷን ነጭታ ነጭታ ጉንጯ ቆስሎ ነበር። የቤተ ልሔም የድጓ መምህር ልጅ ናት፤ አባቷ ማንበብና መጻፍ አስተምረዋታል። ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ንፋስ መውጫ ወጥታ ከጁነይዲ ሱቅ ደብተር ገዛች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ገብሷን ወቅጣ ስትጨርስ ዘነዘናዋን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና ደፉ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። ጉንጯም ዳነ።

እንየው ፊደል አይለይም። አንድ ቀን፣

"ምንድነው እንዲህ የምትጽፊው?" አላት።

"ደምሌን።"

"ደምሌን ምን?"

"በወረቀት ስንቴ እንደገደልሁት ብታውቅ! ጽፌ ስጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።"

እንየው ልጁ ከሞተ ወዲህ ገና ያን ዕለት ሳቀ። "እንግዲያው ለልጅሽም አቅምሽው" አላት። "እሱ ነው የሚብሰው።"

አስካለ ደብተሩን እያገላበጠች ቆየች። ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙ ሞልቶ ንፋስ መውጫ የሚወጣ ሰው የለም። በመጨረሻ የጻፈችበትን ገጽ ሁሉ ገንጥላ እሳት ውስጥ ጨመረችና ንጹሑን ከብዕሩና ከቀለሙ ጋር ለጥጋቡ ሰጠችው።

"የጻፍሽውን ለምን አቃጠልሽው?" አለ እንየው።

"ልጅ የሚያነበው አይደለም።"

"አንቺስ በምን ትጽፊያለሽ?"

"ውሃው ሲጎድል ሌላ እገዛለሁ።"

ጥጋቡ መጀመሪያ፣ "እማየ፣ ደብተራ ልታደርጊኝ ነው?" ብሎ አፌዘ። ግን ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። እያደር እጁ ለሰለሰ። እህል መቅመስ ጀመረ፤ መጥረቢያውም ከተሰቀለበት አልወረደም።

እንየው አላመነም። ይኼ ዝምታ ሌላ ነገር የሚዶልት ሰው ዝምታ ቢሆንስ? ጎታውን እየፈተሸ ጥይቱ መኖሩን ያያል። ልጁ ለሽንት ሲወጣ እንኳ ዓይኑ አብሮት ይወጣል። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው በወዲህ የብዕሩ ጭርጭርታ፣ በወዲያ የሙቀጫው ድምፅ ነው።

"ገብሱ እኮ ዱቄት ሆነ" አላት አንድ ማታ።

"ልብ አላልሁም" አለች አስካለ።

በነሐሴ አንድ ቀን ጥጋቡ ራሴን አሞኛል ብሎ ቤት ዋለ። እንየው ቅር እያለው በሬዎቹን ጠምዶ የሽምብራ ማሳውን ሊያርስ ወጣ። ረፋዱ ላይ ጎረቤቱ በላይነህ ጭቃውን እያንቦራጨቀ እየሮጠ መጣ።

"አያ እንየው፣ ጥጋቡ የት ነው?"

"ቤት ነው። አሞታል።"

"አሞታል አልህ?" በላይነህ ትንፋሹን ዋጠ። "ደምሌን ደጁ ላይ ፈጅተውታል። ራሱ ደቅቆ ፊቱ አይለይም። ጠመንጃው እንዳለ ጭኑ ላይ ነው፤ አላነሣውም እንኳ። ወንድሞቹ ነጭ ለባሽ ይዘው ወደ ቤትህ ሊወጡ ነው።"

እንየው በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥሎ ሮጠ። ጥይቱን ስለደበቅሁበት በሰደፍ ጨረሰው፣ አለ በልቡ። ልጁን ይዞ በቋጥኙ ሥር ወደ በሽሎ ሊወርድ አሰበ። ወንዙን እንዴት እንደሚሻገሩት አላሰበም።

ጥጋቡ ደፉ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ጣቶቹ ላይ ያለው ቀለም ብቻ ነው።

እንየው አልፎት ገብቶ ምንሽሩን አወረደ። ሰደፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። እየደጋገመ በእጁ ዳበሰው። ከዚያ መደቡ ላይ ዘፍ አለ።

"ተመስገን" አለ። "ተመስገን አምላኬ።"

"ምነው አባየ?"

"ምንም። ምን እየጻፍህ ነው?"

"ቻላቸው ዋና ሲያስተምረኝ። ዛሬ ደምሌ ትዝም አላለኝ።"

እንየው ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። "ይሄንን እናትህ ትስማው። የት ሄደች?"

ጥጋቡ ከደብተሩ ቀና አላለም።

"ወንዝ ወርዳለች፤ ዘነዘናውን ልታጥብ።"