የነሐሴ ውርጭ

በዚያ ነሐሴ፣ ሮማ በሙቀት ስትቀልጥ፣ እግሩን ውርጭ የመታው ሰው መብራቱ ብቻ ነበር።

የሚሠራው የበረደ ዓሣ መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ቀን የማቀዝቀዣው በር ተዘጋበትና አራት ሰዓት ሙሉ ከዓሣዎቹ ጋር ቆየ። ሲያወጡት የግራ እግሩ ሦስት ጣቶች ከዓሣዎቹ አይለዩም ነበር።

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው። ሃያ ቀን የኦክስጅን ክፍል ይገባል። ጣቶቹ ነፍስ ከዘሩ ይተርፋሉ፤ ካልዘሩ ይቆረጣሉ።

መብራቱ ሦስቱንም ይፈልጋቸዋል። ሚስቱ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። የአራት ዓመቷ ልጁ ሊዋም ወደ መዋዕለ ሕፃናት የምትሄደው በእሱ ትከሻ ላይ ነው፤ በሌላ ነገር አልሄድም ብላለች።

የኦክስጅኑ ክፍል የተጋደመ ትልቅ በርሜል ይመስላል። ታካሚዎች ከነርስ ጋር ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ አየሩ ይጨመቃል፣ ከዚያ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ይስባሉ።

በመጀመሪያው ቀን አማቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ከቦርሳቸው አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አወጡ። እስከ አፉ ለጋ ቅቤ ነበረበት።

"እግሩን እስቲ አንዴ ልቀባው" አሉ።

መብራቱ ሲተረጉምለት ሐኪሙ ክው አለ። "ሲኞራ፣ ቅባትና ኦክስጅን ሲገናኙ እሳት ነው! እዚያ ውስጥ የከንፈር ቀለም እንኳ አይገባም።"

"በቃ፣ እግሩን አልነካም። ገብርኤል ምስክሬ ነው።"

በሁለተኛው ሳምንት ነርሷ ሶፍያ ከዕረፍት ተመለሰች። ጸጉሯ የሳሳ፣ ሳቋ የበዛ ሴት ናት። እማማ ጣልያንኛ አያውቁም፣ ሶፍያ አማርኛ አታውቅም፤ በሦስተኛው ቀን ግን እናትና ልጅ መስለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ተያይዘው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይገባሉ። እማማ ሲወጡ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

የመብራቱ ካልሲ የሚቀመጠውም እዚያው ክፍል ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ማገ።

"ቅቤ!"

ሁሉም ወደ መብራቱ ዞረ። ሶፍያ ኪሱን በረበረች፣ ካልሲውን ገለበጠች፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አየች።

"ለእኔ ከኮሮና ወዲህ ሽቶም አይሸተኝም" አለች። "ግን ሕግ ሕግ ነው።"

ምንም አልተገኘበትም። መብራቱ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ቤቱ እንደገባ ጠርሙሱን አነሣ። ተጋምሷል።

"እማማ፣ ቅቤው የት ሄደ?"

"ሥራ ላይ ዋለ።"

"እግሬ ላይ?"

"ምዬልህ የለም እንዴ! ገብርኤልን የምከዳ መሰልኩህ?"

"ታዲያ የት?"

"አንተ የጣትህን ነገር አስብ። የሴት ጓዳ አይበረበርም።"

አላመናቸውም። ካልሲውን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥቦ በረንዳ ላይ አሰጣው።

በማግስቱም ሸተተ።

"አሎራ፣ እንግዲህ መብራቱ" አለ ሐኪሙ። "ሦስት ቀን ቀርቶሃል። ሁለቱ ጣቶች ቀልተዋል፤ ትንሿ ገና ናት። ነገ ከሸተተኝ ግን አትገባም። አንተን ብዬ ስምንት ሰው አላቃጥልም።"

በአሥራ ስምንተኛው ቀን መብራቱ ካልሲ የሚባል ነገር አላደረገም። እግሩን በሎሚ ፈትጎ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቆ መጣ። የመተላለፊያው አየር ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ በወረቀት ያራግባል። ሶፍያ አረንጓዴ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ በሩን ትጠብቃለች። እማማ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ሐኪሙ ተንበረከከና የመብራቱን ጣቶች አንድ በአንድ አሸተተ።

"ሎሚ" አለ። መብራቱ ተነፈሰ።

ሐኪሙ ተነሥቶ ቆመ። አፍንጫው ተነፋ።

"ቅቤ! ዛሬማ ብሷል! በቃ፣ ወደ ቤትህ።"

"እማማ!" አለ መብራቱ። "ሊዋምን በምን እግሬ ልሸከማት ነው? ጨረሱኝ እኮ!"

"ያ ገብርኤል ይፍረደኝ!" እማማ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። "እግርህን አልነካሁም አልኩህ!"

ሶፍያ በሩ ላይ እጇን አጣምራ እንደ ቆመች በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

"ሕግ ሕግ ነው፣ መብራቱ።"

ከአረንጓዴው ቆብ ሥር አንዲት ወርቃማ ጠብታ ብቅ አለች፤ በግንባሯ ቀስ ብላ ወርዳ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች።