አመዶ ለምን አፈር ይበላል?

ቁልፍ ሠሪው የሰው በር ሲከፍት ውሎ የራሱን ቆልፎ የሚያድር ሰው ነበር። ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ በሁለት ጓጉንቸር ይዘጋል፤ ቁልፉም ከወገቡ አይወርድም። ሚስቱን ከፀጉር ቤት ሥራዋ ያስወጣት በቅናት ነው። ስልኳንም በዚያው ሰሞን ወሰደባት። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቆርቆሮ ሲሆን ጫፉ ላይ እሾሃማ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ጎረቤት ለቅሶዋን አልሰማም አይባልም፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብሎ ዝም አለ እንጂ።

ቅናቱ ሲብስበት እናቱን አምጥቶ አብራት አስቀመጠ።

«እማዬ ዓይኔ ናት» አላት ሚስቱን። «እኔ ባላይ እሷ ታያለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱም ላይ ቆልፎ መሄድ ሆነ።

አሮጊቷ ዓይን ብቻ አልነበሩም፤ ምላስም ነበሩ። ምራታቸው ወደ ጓሮ ብቅ ስትል «አንቺ፣ ምን ያንከራትትሻል? ወደ ቤት!» ብለው ይመልሷታል። ራሳቸው ግን ፀሐይ እሞቃለሁ እያሉ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተቀምጠው ይውላሉ። አበባ እተክላለሁ ብለው መደብ ደልድለዋል፤ መደቡ በየሳምንቱ ከፍ ይላል፣ አበባ ግን አልበቀለበትም። ጣቴን ይቆረጥመኛል እያሉም እጃቸው ላይ ካልሲ አጥልቀው ነው የሚገቡት።

አንድ ቀን ምራት ድፍረት አገኘችና እግራቸው ሥር ወደቀች።

«እማማ፣ አፈር ስሆን፣ ልጅዎን ይለምኑልኝ። ልሞት ነው።»

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እኔ አልሞትኩም። ቻይው።»

ከዚያ ወዲህ ጠላቻቸው። ከአንጀቷ ጠላቻቸው።

የቀራት ወዳጅ አመዶ ብቻ ነው። ባሏ ለጥበቃ ያመጣው ግራጫ ውሻ ነው፤ ሌባ ቢመጣ ግን ጅራቱን እየቆላ የሚያስገባ የዋህ። ጉልበቷ ላይ አገጩን ሲያሳርፍ እስር ቤት መሆኗን ለጥቂት ትረሳለች። ሰሞኑን ግን አፍንጫው አፈር በአፈር ሆኖ ይመጣ ጀመር። ታጥበዋለች፤ በማግስቱ ያው ነው።

ነገሩን ለባሏ ቀድመው የተናገሩት አማቷ ናቸው።

«ውሻህ አፈር ይበላል» አሉት። «ከበርሜሉ ጀርባ ሲቆፍር ይውላል። ታሞ ይሆናል።»

እውነቱን ያየችው በኩሽናው መስኮት በኩል ነው። አሮጊቷ አመዶን ማጅራቱን አንቀው ይዘው አፉን እርጥብ አፈር ውስጥ ይደፍቁታል። ውሻው ያላዝናል። ደሟ ፈላ። እኔ አልበቃ ብያቸው የቀረኝን አንድ ፍጡር ሊገድሉብኝ ነው፣ አለች በሆዷ።

ባሏ በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ይዞ መጣ። አሮጊቷ ለእንግዳው እንኳ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። ሐኪሙ አመዶን አገላብጦ አየው።

«ውሻ አፈር የሚበላው ደም ሲያንሰው ነው፤ አለዚያም የሆድ ትል ሲይዘው ወይ ሆዱን ሲያመው። ይሄ ግን ድዱ ቀይ ነው፣ ጥርሱ ንጹሕ ነው። ከእኔም ከአንተም ይሻላል።»

«ታዲያ ለምን ይበላል?»

«አንዳንዱ መውጫ ሲያጣ ነው። ተዘግቶበት የሚውል ውሻ ሲጨንቀው መሬት ይቧጥጣል፣ አፈርም ይቅማል። አውጥተህ አንሸራሽረው።»

ቁልፍ ሠሪው ሳቀ። ሚስቱ ግን አልቻለችም፤ የታፈነው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«ታሞም አይደል፣ ጨንቆትም አይደል! እናትህ ናቸው አፉን አፈር ውስጥ የሚደፍቁት፤ በዓይኔ አይቻለሁ!»

የአሮጊቷ ፊት አመድ መሰለ።

«አዎ፣ እደፍቀዋለሁ!» አሉ። «ሲቆፍር ከያዝኩት እዚያው እቀጣዋለሁ። ልሸልመው ኖሯል?»

«ደግ አደረግሽ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው። ከበርሜሉ ወዲህ ቆሞ የተበተነውን አፈር በጫማው ገፋ ገፋ አደረገ። «ለማንኛውም ነገ ረፋዱ ላይ ግንበኛ ይዤ መጥቼ ይሄን ጥግ በሲሚንቶ አስደፍነዋለሁ። ውሻውንም እሸጠዋለሁ፤ አፈር የሚቅም ጠባቂ ለምኔ?»

አሮጊቷ ምራታቸውን አዩዋት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ክፉ ሥራቸውን በማጋለጧ ደስ ሊላት ሲገባ አመዶን ማጣቷ ብቻ ታሰባት፤ እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ሁለቱ ጓጉንቸሮች ጠቅ ጠቅ ብለው እንደተዘጉ ልትሰናበተው ወጣች። አመዶ ከማደሪያው የለም። ከአልጋ ሥር የለም፤ ከኩሽናም የለም።

«አመዶ!» ብላ ተጣራች።

ጩኸቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ተሰማ። እየሮጠች ወደ በርሜሉ ጀርባ ሄደች።

አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ከሥሩ የነበረውን ጣውላ በአጥሩ ሥር ከሚያልፍ ጉድጓድ አፍ ላይ ገፍተው ቆመዋል፤ ባዶ ጣቶቻቸው ላይ ጥፍር የሚባል አልቀረም። «አመዶን አሳልፎታል፣ አንቺንም ያሳልፍሻል» አሏት። «ለእኔ ወገብ ገና የሳምንት ቁፋሮ ይቀረው ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ዛሬ ነው። ሩጪ፣ ልጄ።»