የሞተሩ መተንፈሻ

ብቸና ላይ መካኒኩ ፋንታ የጭነት መኪናውን ኮፈን ከፍቶ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ሲነቅል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፎበት አገኘ። መኪናው ከሞጣ ጀምሮ ዘይት ሲተፋ የመጣው ለካ በዚህ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ትንፋሹ ከታፈነ ዘይቱን ጨርሶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ቀና ብሎ ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ዓይኑን ሰብሮ ወደ ካርጎው ዞረ። ከገበያ ለውትድርና የታፈሱት ልጆች ተፋፍገው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ያልሸጣትን ዶሮ እንደታቀፈ ነው።

«ምን አገኘህ?» አለ ካድሬው ከጋቢና አንገቱን አውጥቶ።

ፋንታ ቆረቆንዳውን በሱሪው ጠረገና መልሶ ጠበቅ አድርጎ ወተፈው። ቱቦውን ከላይ ገጠመበት።

«ቱቦው ላልቶ ነው፣ ጓድ፤ አጥብቄዋለሁ። እስከ ደጀን የትም አትቁሙ።»